ነብሩ ወንድም፣ ፍየሏ እህት

ባለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ የልጆች ቴአትር አዘጋጅተን ነበር። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት አንድ አዳራሽ አለ። እኔ እዚያ በበጎ ፈቃድ አስተምራለሁ። ለቴአትሩ 26 ልጆች ተመዘገቡ። ከመካከላቸው ሁለቱ እህትና ወንድም ነበሩ። እሷ 11 ዓመቷ ነው፤ እሱ 8። የምጽፈው የእነሱን ጉዳይ ነው። ወላጆቻቸው ጻፊው ብለውኛል። ስም ግን አልጠራም።

የምጽፈው ስለተሳሳትኩ ነው። ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ አመጣ። በየከተማው ልጆችን ሰብስበው መድረክ ላይ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ በኮሚኒቲውም። አንድ ቀን የአንድ እናት ሁለት ልጆች ተያይዘው ይመጡባቸዋል። ያኔ ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ተረቱ

የመረጥነውን ተረት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የነብር ደቦል ከቤቱ ርቆ ዝሆኖች ወደሚሰማሩበት ሜዳ ይሄዳል። ዝሆን ሳያየው ይረግጠዋል። ይሞታል። አውሬዎች ለአባትየው መርዶ ይዘው ይመጣሉ።

«ልጅህ ሞተ።»

«ማን ገደለው?»

«ዝሆን ረገጠው።»

አባት ነብር ዝም ይላል። የዝሆንን ትልቅነት ያስባል። ከዚያ ብድግ ይልና «አይደለም! ዝሆን አይደለም የገደለው፤ ፍየሎች ናቸው!» ይላል። ሄዶም ፍየሎቹን ይፈጃቸዋል።

«ለልጆች አይከብድም ወይ?» ያሉኝ ወላጆች ነበሩ። እኔ አይመስለኝም። ልጆች ይህን ነገር ከእኛ በላይ ያውቁታል። አባት ሥራ ቦታ ተናዶ ይመጣና ጫማውን በር ላይ የጣለው ልጅ ላይ ይጮኻል። ልጁ ጉዳዩ የጫማ እንዳልሆነ ይገባዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይሄው ነው።

ደግሞ በአውሬ ተረት መጀመር ለእኛ አዲስ አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ራሱ የአውሬዎች ነበር። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ሹማምንቱን ነካ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «እኛንም ይከለክሉናል?» አለኝ። ዓይኑ በርቶ ነበር። ደስ ብሎት ነው የጠየቀኝ።

ኦዲሽኑ

የአመራረጡን ዘዴ የተዋስኩት ከሚዙላ ነው። ሚዙላ ሞንታና ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በፈረንጆች 1970 የተመሠረተ የልጆች ቴአትር አላት። ሁለት ሁለት አዘጋጆች በትንሽ ቀይ ፒክአፕ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። የመድረኩ ዕቃ፣ ልብሱ፣ ሜካፑ ሁሉ እዚያችው መኪና ላይ ነው። ሰኞ ከከተማው ልጆች 50 ወይም 60 ይመርጣሉ። ሳምንቱን ያለማምዷቸዋል። ቅዳሜ ቴአትሩ ይታያል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ከተማ።

የዚህ ዝውውር አጀማመር ደስ ይለኛል። ሰባት ድንኮች ያሉበትን የታወቀ ተረት ይዘው ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ሊሄዱ ነበር። ድንኮቹን ከዚህ ጭኖ ከመሄድ ከእዚያው ልጆች እንምረጥ አሉ። ሲደርሱ ለሰባት ቦታ ከ400 በላይ ልጆች ተሰብስበው ጠበቋቸው።

ኦዲሽኑ ቀላል ነው። ልጆች ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ስሙንና ዕድሜውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ከዚያ አንድ አጭር ንግግር ይሰጣቸዋል፤ በንዴት በሉት፣ በፍርሃት በሉት ይባላሉ። አዘጋጆቹ የሚያዩት ድምፁ ይሰማል ወይ፣ የተባለውን ይሰማል ወይ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደሆነ እዚያው ይነገራል። እኔም እንዳለ ወሰድኩት፤ መጨረሻውንም ጭምር።

ትልቋ ልጅ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ጽሑፉን ቀድሜ ለሁሉም በትኜ ነበር። እሷ የራሷን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም ንግግር በቃሏ ይዛለች። የምትፈልገው አባት ነብርን ነበር። ወንድሟ የመጣው ቤት የሚጠብቀው ሰው ስለጠፋ ነው። ወረቀቱን አንዴም አላየውም።

ተሰለፉ። ያዘዝኳቸው ንግግር «ዝሆን መጣ!» ነበር።

እሱ ሲለው ወጥ ቤት ውስጥ ቡና የሚቆሉት እናቶች ብቅ ብለው አዩ። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚተኛው አያቱ ክፍል ነው። እሳቸው ከደብረ ታቦር ነው የመጡት። አማርኛው የእሳቸው አማርኛ ነው። ጠውም ቀውም ጨውም በየቦታው አለ።

እሷ «ዝሆን መታ» አለች። ያውም በሹክሹክታ። እኔ ፊት ለፊቷ ስለቆምኩ ሰማሁ። ከሦስተኛው ወንበር በኋላ ያለ ሰው ግን ምንም አልሰማም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እዚህ የሚያድጉ ልጆች ብዙዎቹ አማርኛን በስልክ ሲጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል «መጣ» እና «መታ» አንድ ናቸው። ይቺ ልጅ ፊደል ቆጥራለች፣ ታነባለች። ለማጥናት እንዲቀላት ግን ጽሑፉን በሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጣው ነበር። ጠ እና ተ እዚያ ወረቀት ላይ ተደባለቁ። አፏም ወረቀቷን ተከተለ። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ሲያበቃ ስም ጠራሁ። «አባት ነብር» ብዬ የእሱን። «ሦስተኛ ፍየል» ብዬ የእሷን። በ26 ልጆች ፊት። አጨበጨበችለት። ጉዳዩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

የነብሩ ድምፅ

የሚዙላ ሰዎች ልጆቹን የሚያገኟቸው ለአንድ ሳምንት ነው። እኛ ግን ስምንት ቅዳሜ አብረን ልንከርም ነው። ከሁሉም በላይ እነዚህ ሁለቱ ከአዳራሹ ሲወጡ አንድ መኪና ውስጥ ነው የሚገቡት። ማታም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበሉት። እኔ የሰጠኋቸው ነገር አብሯቸው ቤት ይገባል። ለሌሎቹ ልጆች ቴአትሩ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ለእነሱ አያልቅም።

ያን ማታ እናታቸው ደወለች። ነርስ ናት፤ ማታ ማታ ነው የምትሠራው። «ቲቸር ይቅርታ፣ በማታ ረበሽኩሽ» አለች። ልጅቷ ራት አልበላም ብላለች። መኪና ውስጥ ለወንድሟ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ሲደርሱ የእሱን ወረቀት ወስዳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከታዋለች። እናትየዋ ተቆጥታ አስወጣቻት። «ይተዋታል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ልንገርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔም «ይተዋታል» አልኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የነብሩ ድምፅ ጠፋ። ያ አዳራሹን የሚሞላ ልጅ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። የሚያውቀውን ይረሳል። ዝሆን ሲባል ፍየል ይላል። የመድረክ ፍርሃት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትንፋሽ አስወሰድኩት። ፈገግ በል አልኩት። ውኃ ሰጠሁት። ምንም።

አያታቸው ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። በእረፍት ሰዓት ጠሩኝ።

«ነይማ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ።

«ልጁ ፈርቶ አይደለም» አሉኝ። «አውቆ ነው።»

«እንዴት እማማ? አውቆ ምን?»

«አውቆ ነው የሚያበላሸው። ትናንት ማታ ነገረኝ። ካበላሸሁት ለእሷ ይሰጧታል አለኝ።»

ምን እንደምመልስላቸው ጠፋኝ። እሳቸው ቀጠሉ። «እሷም ብትሆን የተቀየመችው እሱን አይደለም፤ አንቺን ነው። አንቺን ግን ምን ትልሻለች? አስተማሪ ነሽ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነባት።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ተረት ሳለማምድ ከርሜያለሁ። ዝሆኗ እኔ መሆኔን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ያደረግነው

ልጅቷን ለብቻዋ ወስጄ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። በመጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወጣላት። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው። እሱ አይደለም። አውቃለሁ። ግን አንቺን መናደድ አልችልም።» አንቺ ስትለኝ ድፍረት አይደለም። አንቱታ እዚህ ያደጉ ልጆች አፍ ላይ እምብዛም አይገኝም። የተናገረችው ግን አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነበር።

ለምን እንዳልተመረጠች ምን እንደሚመስላት ጠየቅኳት። «ነብሩ ወንድ ስለሆነ» አለች። ክው አልኩ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዘችው ይህንን ነው። ምክንያቱን ስላልነገርኳት የራሷን ምክንያት ፈጠረች። ያኔ እውነቱን ነገርኳት። ድምፅሽ ኋላ አይደርስም፤ ጠ ደግሞ ተ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም በልምምድ የሚስተካከሉ ናቸው፤ በዚያች ቀን ግን አልነበሩሽም። አዳመጠችኝ። አላለቀሰችም። እንዲያውም ፊቷ ፈታ አለ። ልጅ እውነተኛውን ምክንያት ከማባበያ ይልቅ በቀላሉ ይሸከመዋል።

ቦታ ማቀያየርን አስበንበታል። እናትየዋ «ትንሹ ነው፣ ይረሳዋል» ብላኝ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ከእሱ ቀምቼ ለእሷ ብሰጥ እሱን ፍየል ማድረጌ ነው። በዚያ ላይ አበላሽቶ ለእህቱ የማስተላለፍ ዕቅዱ ሠራለት ማለት ነው። ስለዚህ እናቱ ቁርስ ላይ በግልጽ ነገረችው። «ብታበላሸውም ለእሷ አይሰጥም። ስለዚህ አሳምረህ ሥራ።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፁ ተመለሰ።

እሷ ግን ደረጃው ላይ ልንነሳ ስንል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ፍየሎቹ ለምን ዝም ይላሉ?»

ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እውነትም ፍየሎቹ «ሜእ» ከማለት በቀር ቃል የላቸውም። ነብር ይመጣል፣ ይሸሻሉ፣ ይሞታሉ። «ምን ቢሉ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«እኛ እዚያ አልነበርንም።»

ጻፍኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ያቺ ንግግር ውስጥ አንድም ጠ፣ አንድም ቀ የለም። የምትችላቸውን ድምፆች ብቻ መርጣ ነው የሠራቻት።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ለድምፁ የሰጠኋት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ከሰማ እጁን ያነሳል፤ ካልሰማ አያነሳም። ያ ሰው ወንድሟ ሆነ። እሷ መኝታ ቤት በር ላይ፣ እሱ ኮሪደሩን አልፎ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው አጠገብ። እናታቸው ፍሪጁንና ማጠቢያውን ሆን ብላ ታስነሳለች፤ ድምፁን ማለፍ አለባታ። ልጁ አያዳላም ነበር። ሳይሰማ እጁን አንስቶ አያውቅም።

ጠን ያስተማሯት አያቷ ናቸው። እኔ ያዘጋጀሁት ሶፍት ነበር፤ አፏ ፊት ይዛ ተ ስትል ይርገበገባል፣ ጠ ስትል እምብዛም አይነቃነቅም። ይሄ ትንሽ ረዳት። እሳቸው ግን ወስደው ቧንቧው ጋ አቆሟት። በስሱ ከፈቱትና «ስሚው» አሏት። «ጠብ። ጠብ። ጠብ። እሱ ነው ጠ።» ሁለት ሳምንት ሙሉ እጇን በታጠበች ቁጥር ጠብ ጠብ ስትል ከረመች።

ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ መጥታ «ንግግሬ ላይ መጨመር እችላለሁ?» አለችኝ። «እኛ እዚያ አልነበርንም። ሣር ስንግጥ ነበር።»

«ስንግጥ» ላይ ጥዋ ጥርት አለች።

መስከረም

ስለ ልብሱና ስለ መድረኩ ብዙ አልልም። ዝሆኑ በአንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ሥር የገቡ አራት ልጆች ነበሩ። የፍየል ቀንድ ከካርቶን፣ የነብር ነጠብጣብ ከጥቁር ቀለም። አባቶች ወንበር ደረደሩ። ቡናው ተፈላ፣ ፈንዲሻው ተበተነ። ትንንሾቹ ሴቶች የአበሻ ቀሚስ ለብሰው አበባየሆሽ ሲሉ አዳራሹ ሞልቶ ከግድግዳው ጋር የቆመ ሰው ነበር።

ተራኪዋ ወጥታ «ተረት ተረት!» አለች።

«የመሠረት!» አለ ሕዝቡ። በአንድ ድምፅ።

ልጆቹ ደነገጡ። ልምምድ ላይ የሚመልሱላት እኛው ሦስት አራት ሰዎች ነበርን። ያ ሁሉ ጎልማሳ ታክሲ ነጂ፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ እንዲያ በአንድ አፍ ይመልሳል ብለው አላሰቡም። ግን ይህ ትውልድ አባባ ተስፋዬ ያሳደጉት ነው። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። ተረት ሲባል መመለስ ከእኛ ውስጥ አይወጣም።

ዝሆኑ ሲገባ ብርድ ልብሱ ከአንዱ ልጅ ጀርባ ላይ ወደቀ። ሰው ሳቀ። ልጁ ጎትቶ ለበሰውና ቀጠለ። መርዶው መጣ። አባት ነብር «ማን ገደለው?» አለ። ወጥ ቤቱ ጋ ያሉትም ሰሙት። «ዝሆን ረገጠው» ተባለ። ዝም አለ። ከዚያ ወደ ፍየሎቹ ዞረ።

ልምምድ ላይ ሁልጊዜ ሳያስጨርሳት «ፍየሎች ናቸው!» ብሎ ይዘልባት ነበር። ፍጠን ስላልኩት ነው። በዚያ ቀን ግን እሷ ቀደመችው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። የካርቶን ቀንዷ ትንሽ ዘመም ብሏል። ፊት ለፊት አየችው።

«እኛ እዚያ አልነበርንም። ሣር ስንግጥ ነበር።»

እኔ ኋላ በሩ ጋ ነበርኩ። ሰማሁ። ሳላውቀው እጄን አነሳሁ።

ልጁ አልዘለለም። ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቃል አልወጣም። ጠፋበት ብዬ ልነግረው ወደ ፊት ልሄድ ስል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ «ፍየሎች ናቸው» አለ። መሬት እያየ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አዬ!» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

በኋላ ረስተኸው ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «አልረሳሁትም» አለ። «ስታየኝ ጊዜ አፈርኩ።»

ዘንድሮ

ኦዲሽኑን አልተውኩትም። ሰልፉም፣ ስምና ዕድሜ ጮክ ብሎ መናገሩም አለ። ልጆቹ ይወዱታል፤ ለእኔም የሚያሳየኝ ነገር ብዙ ነው። ውጤቱን ግን ሕዝብ ፊት አልናገርም። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ከነምክንያቱ እነግረዋለሁ። ይህ አንድ ሙሉ ማታ ይወስድብኛል፤ አዋጥቶኛል። ወንድምና እህት ከመጡ ደግሞ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ይዤ ነው የምወስነው። አንዱ ምን ቢያገኝ ሌላው ቤት ውስጥ ምን ይሆናል ብዬ ሳላስብ አንዳቸውንም አልመድብም። እኩል ክፍል ልስጣቸው ማለቴ አይደለም። የማይገባውን ብሰጥ ልጆቹ ራሳቸው ያውቃሉ። አንድ ቃል ብቻ ያለው ልጅም ቢሆን ያቺ ቃል ቴአትሩ ያለ እሷ የማይቆም እንድትሆን ጽሑፉን እመለከታለሁ። ፍየሎቹን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነበርኩና።

ሁለቱም ዘንድሮ ተመዝግበዋል። እሷ ማን መሆን እንደምትፈልግ ገና አልነገረችኝም። ጽሑፉን ግን ቀድማ ወስዳለች፤ በፊደል ነው የምታጠናው። እናታቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ከቅዳሜ በፊት እንዲያውቁት። ስለዚህ ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእሱ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ውስጥ አብረው እስኪገቡ አንድ ሙሉ ቀን ይኖራቸዋል።